ድንጋዩ ላይ የቆመው ትልቅ ሰውዬ

በዚያን ዘመን ሰው ዝም ብሎ ማየት አይፈቀድለትም ነበር። ፏፏቴም ይሁን ቤተ መንግሥት፣ ካያችሁ በኋላ ምን እንዳያችሁ የሚነግራችሁ ካድሬ ያስፈልጋል። ዓይኑ የግላችሁ ነው፤ ያየውን መተርጎም ግን የቀበሌ ሥራ ነው። ዛሬ ካሜራውን አንግቶ ብቻውን የሚዞር ቱሪስት ሳይ አንጀቴን ይበላኛል። እሱን ማን ያስረዳዋል?

የእኛ የኮልፌ ቀበሌ ታዲያ የንቃት ጉዞ አሰናዳልን። ምሥራቅ በረሃ ውስጥ አንድ ፓርክ አለ፤ እዚያ የጥንት ሰዎች አለት ላይ ከብት ቀርጸዋል፤ ሄደን የጋርዮሽን ሥርዓት በዓይናችን እናያለን ተባለ። ጉዞው በፈቃደኝነት ነው። የቀረ ሰው ግን ለምን ፈቃደኛ እንዳልሆነ ያስረዳል። እኔ ደግሞ ማስረዳት አልወድም፤ ፈቃደኛ ሆንኩ።

ጎህ ሲቀድ ጋቢያችንን ተከናንበን ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ተነሣን። ከጎኔ የተቀመጡት ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ ናቸው፤ በርበሬ ይነግዳሉ፣ አፋቸው ግን ከበርበሬው ይብሳል። በረሃው ስንደርስ ሁላችንም ያለ የሌለውን አወላለቅን። የውይይት መሪያችን ጓድ ተፈራ ብቻ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሙቀቱ የኢምፔሪያሊዝም ሴራ ይመስል፣ አልሸነፍም አለ።

እውነቴን ነው፣ አለቱን ሳይ ክው አልኩ። ግታቸው የሞላ፣ ቀንዳቸው የዞረ ላሞች ድንጋዩ ላይ ተከታትለው የሚሄዱ ይመስላሉ። ያን የቀረጸ እጅ ከብቶቹን ይወድ ነበር። ዝም ብዬ ባያቸው ምን ነበረበት?

ጓድ ተፈራ ግን ጉሮሮውን ጠረገ። እንደምታዩት የግል ሀብት የለም፣ ከብቱ የሁሉም ነው፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው አለን። እትዬ ዘርፌ ጠጋ ብለው አዩ።

"ጓድ ተፈራ፣ ሁሉ እኩል ከሆነ ይሄ መሐል ላይ ግራ እጁን ያነሣው ሰውዬ ምን በልቶ ነው እንዲህ የገዘፈው?"

አየን። ሌሎቹ ዙሪያውን እንደ ጉንዳን አንሰው ቆመዋል። ያኔ በየአደባባዩ የማን ግዙፍ ምስል እንደቆመ ልንገራችሁ? ጓድ ተፈራ በላብ ተጠመቀ። ጨቋኝ ነው ቢል ጉድ ይፈላል፤ መሪ ነው ቢል እኩልነቱ ገደል ገባ። በመጨረሻ፣

"እሱ... ወደኛ ቀረብ ብሎ ስለቆመ ነው" አለ።

ሳቄ አመለጠኝ።

"ጓድ፣ ምን አሳቀህ?"

ከዚያች ባነሰች ሳቅ ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው አውቃለሁ። እትዬ ዘርፌ ቀደሙኝ።

"ይተዉት ጓድ፤ በሽታ ነው። ሙቀት ሲነካው እንዲህ ያደርገዋል። እናቱንም ያደርጋቸው ነበር።"

ጓድ ተፈራ ከእኔ በላይ እፎይ አለ፤ የድንጋዩን ሰውዬ ከማስረዳት ተገላገለ። ጥላ ሥር እንድቀመጥና ውሃ እንድጠጣ አዘዘ። አሁን ሳቄን ባቆም ደግሞ በሽታው ውሸት ሊሆን ነው! እየፈራሁ እስከ ሞጆ ሳቅሁ።

በየእሁዱ ግዴታችን የሆነው የቀበሌ ውይይት የሚካሄድበት አዳራሽ ቆርቆሮ ነው፤ ይግላል። ስለዚህ ጓድ ተፈራ ለጤናዬ ሲባል ቤቴ እንድቀመጥ ፈቀደልኝ። እሁድን ተኝቼ ማርፈድ እንዴት እንደሚጥም ልነግራችሁ አልችልም። በሳምንቱ እትዬ ዘርፌ ስለ ምርት እድገት ሲብራራ በሳቅ ፈረሱ፤ ወደ ቤታቸው ተሸኙ። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው፣ ቀጥሎ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከነሚስቱ። በሽታው ከሰፈራችን አልፎ ሳንሱሲ ሰፈርም ገባ ተባለ።

አንድ ቀን ወደ ማታ በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ጓድ ተፈራ! አለቀልኝ አልኩ። ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። በሩን ራሱ ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሰኞ ከበላይ፣ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ስብሰባ አለብኝ፤ ሙሉ ቀን ነው" አለኝ። "ያ ነገር... ሲጀምር፣ መጀመሪያ ምን ምን ያደርጋል?"