ሃያ ቀለሃ እና አንድ ሪዝ

[ዋዮሚንግ፣ የኦርቪል ጋራዥ። ነገ የከተማው የኢላማ ተኩስ ውድድር ነው። ኦርቪል ባዶ የጥይት ቀለሃዎቹን ባሩድ ከመሙላቱ በፊት ወልውሎ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል፤ እንደ ልጆቹ ያያቸዋል። ጎረቤቱ መርል ጥግ ይዞ፣ ጫፏ በታጠፈ ቀጭን ሽቦ ይዟቸው የመጣቸውን ቀለሃዎች ውስጥ ውስጣቸውን ይጎረጉራል።]

ኦርቪል፦ ያ ቀለሃ ጆሮ ነው እንዴ? ምን ትኮረኩረዋለህ?

መርል፦ ውስጡን እየዳሰስኩ ነው።

ኦርቪል፦ ምን አለ ውስጡ?

መርል፦ ምንም።

ኦርቪል፦ ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?

መርል፦ ምንም እንዳይኖር።

ኦርቪል፦ [ጣሪያውን እያየ] ፈጣሪዬ፣ ምን በድዬህ ነው እንዲህ ያለ ጎረቤት የሰጠኸኝ። ስማ፣ ቀለሃ የሚመረጠው በሚዛን ነው። ከአራት መቶ መሃል መዝኜ መዝኜ እነዚህን ሃያ አገኘሁ። በፀጉር አይበላለጡም፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ነገ ላቮን ጉዷ ይፈላል።

መርል፦ ስድስት ዓመት አሸንፋሃለች እኮ።

ኦርቪል፦ ለዚህ አይደል ቁርስ ቤት ሰው ሁሉ ፊት የማልኩት? የሚስቴ እህት ዘንድሮም ካሸነፈችኝ ይሄን ሪዝ እላጨዋለሁ ብያለሁ። የሠላሳ ዓመት ሪዝ ነው፤ ያለሱ ውሻዬም አያውቀኝም።

መርል፦ ሚስትህስ ምን አለች?

ኦርቪል፦ ምላጭ ገዛች።

መርል፦ [ከሃያዎቹ አንዱን አንስቶ] ቂጡ ላይ ጭረት አለ።

ኦርቪል፦ ጎሽ፣ ዓይን አለህ። ሁሉም ላይ ዘጠኝ ዘጠኝ ጭረት ነው ያለው። የፋብሪካ ደረጃ ነው፤ ዘጠኝ ማለት ምርጥ።

መርል፦ ማን ነገረህ?

ኦርቪል፦ ለእኔ ማን ይነግረኛል?

መርል፦ ከየት አገኘሃቸው?

ኦርቪል፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ተኩስ ሜዳው በር ላይ ካለው ባልዲ። አንዱ ሞኝ ወርቁን ጥሎ ሄዷል።

[መርል ሽቦዋን ቀለሃው ውስጥ ሰደዳት። ታች ስትደርስ አንድ ስርጉድ ላይ ቀጭ ብላ ያዘች። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ።]

መርል፦ ከውስጥ ሳስተዋል። ሊበጠሱ ነው፤ እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ነው የሚመለሰው።

ኦርቪል፦ ምን አልክ?

መርል፦ ዘጠኝ ጊዜ ተተኩሶባቸዋል። አንድ ተኩስ፣ አንድ ጭረት። የምረሳ ሰው ስለሆንኩ እጭርባቸዋለሁ።

ኦርቪል፦ ሞኙ... አንተ ነህ?

መርል፦ ባልዲው ላይ «የሚጣል» ብዬ ጽፌ ነበር።

ኦርቪል፦ ሰው እንዳይወስደው የተጻፈ ብልጠት መስሎኝ።

መርል፦ ነገ ብትተኩስባቸው ሪዝህን ያለ ምላጭ ይላጩልህ ነበር።

[ኦርቪል ተቀመጠ። እጁ ሳያስበው ሪዙን ያዘ።]

ኦርቪል፦ መርልዬ፣ ወንድሜ። እነዚያን በሽቦ የፈተሽካቸውን ለነገ አታውሰኝም?

መርል፦ ደስ ባለኝ። የሰው አደራ ሆነብኝ እንጂ።

ኦርቪል፦ የማን?

መርል፦ የላቮን። ስድስት ዓመት የእሷን ቀለሃ የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

ኦርቪል፦ እዚሁ፣ ጋራዤ ውስጥ ቁጭ ብለህ? ለምን አልነገርከኝም?

መርል፦ አንተ ስትናገር ተራ አልደረሰኝም።

ኦርቪል፦ ሚስቴ ይሄን እንዳትሰማ።

መርል፦ [ወደ ሽቦዋ እየተመለሰ] ምላጩን ለምን የገዛች መሰለህ?