ከገጽ ዘጠኝ የሚጀምሩት ክቡር ወኪል

በየቤተሰቡ አንድ አዲስ የኢንሹራንስ ወኪል አለ። የለንም የምትሉ አትቸኩሉ፤ ፈተናውን ገና እየተፈተነ ነው። ፈቃዱን በተቀበለ ማግስት የዘመዶቹን ስልክ በፊደል ተራ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ ስልክ የሚያነሳ ዘመድ የለም።

የእኛ ቤት ድርሻ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። በሁለተኛው ሙከራ ፈተናውን ሲያልፉ ፈቃዳቸውን በላስቲክ አስለብጠው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ፤ እኔም በሆዴ «ክቡር ወኪል» ብዬ አንቱታውን ጨመርኩላቸው። ሻንጣው የአባታቸው ነው። ኮቱ የእኔ ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ብለው እንደወሰዱት ቀረ።

መሥሪያ ቤታቸው ሦስት ወር ሰጥቷቸዋል። በሦስት ወር አሥር ውል ካላስፈረሙ ወደ አጎታቸው የሲሚንቶ መጋዘን፣ ወደ ጆንያ ሸክማቸው ይመለሳሉ።

ሌላው ወኪል ቅቤ አንጓች ነው። ክቡርነታቸው ግን ውሉን የሚጀምሩት ከገጽ ዘጠኝ፣ «መድኑ የማይሸፍናቸው» ከሚለው ነው። ፀጉር አስተካካያችን ብዕር አንስቶ ሊፈርም ሲል «አንድ ጊዜ!» አሉት። «መስታወቱን ራስዎ ቢሰብሩት አንከፍልም። ሠራተኛዎ ቢሰብረው አንከፍልም። ግድግዳው አርጅቶ ቢወድቅም አንከፍልም።»

«ታዲያ ማን ሲሰብረው ነው የምትከፍሉት?»

«እሱን ገጽ አራት ላይ እንደርስበታለን።»

ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ መቀሱን አነሳ።

የቡድን መሪያቸው እንኳ «አንተ ልጅ፣ እየሸጥክ ነው ወይስ እያስፈራራህ?» ብትላቸው፣ «ነገ ቤቱ ተቃጥሎ አልነገርከኝም ቢለኝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ብለው መለሱላት።

እኔስ? እሳቸው በር ሲያንኳኩ መታጠቢያ ቤት ገብቼ «የለም በሉት» እላለሁ። የሕይወት ኢንሹራንስ የሚባለውንማ «ሟርት ነው!» ብዬ በቤቴ እንዳይነሳ ከልክያለሁ። በመጨረሻ ለመገላገል ስል አንድ ነውር ሠራሁ። ቢሮዬ ከመጣ የሌላ ድርጅት ቅቤ አንጓች የቤት ኢንሹራንስ ገዛሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም።

የሦስተኛው ወር የመጨረሻ ቀን፣ አሥር ሰዓት ላይ ክቡርነታቸው ቤት መጡ። «ጋሼ፣ ገጽ ዘጠኝን ሰምተው ያልሸሹ ዘጠኝ ሰዎች አስፈርሜያለሁ። አንድ ቀርቶኛል። ቢሮው አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል።»

«ምን ላድርግህ፣ ተቀደምክ» ብዬ ውሌን ዘረጋሁላቸው።

አልተቀየሙም። መነጽራቸውን አድርገው ቀጥታ የማይሸፍናቸውን ፈለጉ። «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ንግድ ካለ ለእሳት አንከፍልም ይላል። ጓዳ ያሉት የእህቴ የስፌት መኪናዎችስ?»

አሁን «ይሰርዙትና ከእኔ ይግዙ» ሊሉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ወረቀት አወጡ። «አይሰርዙት፣ ይከስራሉ። ማመልከቻ ካስገቡ ስፌቱን ይጨምሩልዎታል።» ብለው ለተፎካካሪያቸው መሥሪያ ቤት የሚገባውን ማመልከቻ በቆንጆ እጅ ጽሕፈታቸው ይጽፉልኝ ጀመር። ያቺ የቀረቻቸው አንድ ሰዓት እያለቀች ስትሄድ ቀና ብለው እንኳ አላዩአትም።

አፈርኩ። አንጀቴን በሉት።

«የሕይወት ኢንሹራንሱን ፎርም ይዘሃል?»

«ጋሼ፣ ሟርት ነው ብለውኝ አልነበር?»

«አምጣው አልኩህ!»

ሞላሁ፤ ልፈርም ስል መዳፋቸውን ፊርማው ቦታ ላይ ጣል አደረጉ። «ገጽ ዘጠኝን ሳላነብልዎ አይፈርሙም።»

«ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል እኮ!»

«ስምንት ነጥብ ብቻ ናት።»

ስምንቱንም አነበቡ፤ ሦስተኛዋን ደገሟት። ከፈረምኩ በኋላ ሻንጣውን ነጥቄ ሮጥኩ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ። መንገድ ላይ ከኋላዬ ይጮሃሉ፦ «ቀስ ይበሉ ጋሼ! ውሉ ገና ማኅተም አላረፈበትም፤ አሁን ቢወድቁ አንከፍልም!»

ጥበቃው በሩን ሊዘጋ ሲል ደረስን። የቡድን መሪዋ ፎርሙን አገላብጣ አየችና በላብ የተጠመቅሁትን እኔን ተመለከተች።

«ገጽ ዘጠኝን አንብቦልዎታል?»

«ሦስተኛዋን ሁለቴ» አልኳት።

ማኅተሙ ሲያርፍ አማቼ ፊቱን አዞረ፤ ዓይኑን በእጅጌው፣ ማለትም በእኔ ኮት እጅጌ ጠረገ። ኮቱን ተውኩለት። ለካ ለእሱ ነበር የተሰፋው።