ቤት ውስጥ የሚዘረጋው ዣንጥላ

ሥራዬ ብሎ የሚጨቀጭቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ተመስገን!

በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ውስጥ የአንድ ትልቅ ቡና መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ዘበኛችን አቶ በራሶ በየማለዳው ዣንጥላቸውን ዘርግተው በጆንያ ክምሮቹ መካከል ያልፋሉ። ዣንጥላው ጆንያ ከነካ ክምሩን ያስፈርሳሉ። «ይቺ ካላለፈች ሁለት ሰው አያልፍም። እሳት ቢነሣ በየት ልትወጡ ነው?»

«ውስጥም ይዘንባል እንዴ?» እያልኩ መጋዘኑ ውስጥ ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች አስቃለሁ። የተማርኩ ነኛ! የተማረ ሰው ሲጋራውን የት እንደሚጥል ይነገረዋል?

አንድ ቀን የጣልኩት ቁራጭ ባዶ ጆንያ አቀጣጠለ። ጢሱ ቤቱን ሲሞላው ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው በዚያች መተላለፊያ ወጡ፤ ማንም ማንንም አልረገጠም። እኔም ከኋላቸው ወጣሁ። አቶ በራሶ ደጅ ላይ ዝናብ እየደበደባቸው ይቆጥሩናል። «ሁላችሁም አላችሁ?» አሉ እንጂ ሲጋራውን ማን እንደጣለው አልጠየቁም። እሳቱ በአሸዋ ጠፋ። ከጥቂት ጆንያዎች ጋር የተቃጠለው ውስጥ የቀረው የእሳቸው ዣንጥላ ነበር።

በማግስቱ አዲስ ገዝቼ ሰጠኋቸው።

«ለደጁ ነው ለውስጡ?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

«ለውስጡ፣ አባባ» አልኩና ወደ መንገዱ የወጣውን አንድ ጆንያ በትከሻዬ ገፋሁላቸው።