ከሐይቁ ፊት የቆመው ሰውዬ

እኛ አገር የሰው ሕፃንና የሰው ፎቶ አይነቀፍም። ሕፃኑ ምንም ቢመስል «ሲያምር!» ነው፤ ፎቶው ምንም ቢደበዝዝ «ዋው!» ነው። ታዲያ በዚህ ሁሉ ይሉኝታ መሀል ማን ፎቶ ማንሳት ይማራል?

አዳማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ካፌ በረንዳ ላይ የምንሰበሰብ ፎቶ ወዳዶች ግን ይህን ነገር ልናስቆም ተነሳን። ሊቀመንበራችን ኦቦ ገመቹ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ ሾፌር ናቸው። «ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል» ብለው ሕግ አወጡልን። በየሳምንቱ ዕጣ የወጣለት ሰው አንድ ፎቶ ያለ ምሕረት ይተቻል፤ ባለ ፎቶው ደግሞ ትችቱ እስኪያልቅ ትንፍሽ አይልም። ባለ ፎቶ አፉን ከከፈተማ «ካሜራው እኮ» ብሎ ይጀምርና ይመሽብናል።

ዕጣው ለእኔ የወጣው የሲፈን ፎቶ በቀረበበት ቀን ነው። ሲፈን ፋርማሲስት ናት። አንባቢ ሆይ፣ ምን እደብቅሃለሁ፣ እወዳታለሁ። ጉሮሮዬን ሳያመኝ ከእሷ ዘንድ የገዛሁት የጉሮሮ ከረሜላ ቤቴን ሞልቶታል። ያን ቀን ከስብሰባው በኋላ የልቤን ልነግራት ቆርጬ ነበር። «ሲያምር» የሚላት ሞልቷል፤ እኔ እውነት ተናግሬ ከሰው ልለይ አልኩ።

ፎቶው ሁላችንም ሐይቅ ልናነሳ ባቱ የሄድን ዕለት የተነሳ ነው። ገና በጠዋቱ ከሐይቁ ዳር ስንደርስ ጉሙ ውሃውን ከሰማዩ ጋር አንድ አድርጎት፣ ጀልባዎቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ከሩቅ ዓሣ አስጋሪዎች ሲጠራሩ ድምፃቸው ይመጣል፤ ሰዎቹ አይታዩም። ነፍሴ እዚያው ቀርታለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፎቶውን ሳይ ያ ጠዋት ተመልሶ መጣና ለትንሽ ጊዜ የት እንዳለሁ ጠፋኝ።

ከዚያ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ጉሙን አመሰገንኩ፣ ብርሃኑን አደነቅኩ፣ ቀጥዬ ሰውዬው ላይ ወረድኩበት። ልክ መሀል ላይ አንድ ሰውዬ ሰፊ ካፖርት ደርቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተገትሯል። ይህ ሰው ማነው? አልኩ። አውቶቡስ ያመለጠው ይመስላል፤ ትከሻው እንደ ባዶ ጆንያ ወርዷል፤ ይህን የመሰለ ሐይቅ ፊት እንዲህ ያለ ሰው ማቆም ግፍ ነው። ሰዎቹ ሳል በሳል ሆኑ። ኦቦ ገመቹ ሁለቴ «ያ ጉርባ፣ ሱታ!» አሉኝ፤ አንተ ልጅ፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው። እኔ ግን በንግግሬ ተደንቀው መስሎኝ ባሰብኝ። ሲፈን ሕጉን አክብራ ጠረጴዛውን ታያለች። ልቧ ተነካ ብዬ ደስ አለኝ። በመጨረሻም ገንቢ ሐሳብ መስጠት ግዴታ ነውና፣ ሰውዬውን ቆርጠሽ አውጪው፣ ያን ጊዜ ፎቶው ይተነፍሳል ብዬ ተቀመጥኩ።

ኦቦ ገመቹ አሁን ባለ ፎቶዋ ትናገር አሉ። ሲፈን ቀስ ብላ፣ ያን ጠዋት ሁላችንም ሐይቁን ለማንሳት ስንሻማ አንድ ሰው ብቻ ካሜራውን ረስቶ ዝም ብሎ ሲያየው ነበር አለች። ያነሳሁት እሱን ነው፤ ሐይቁ ከኋላ የገባ ነው አለች። ኦቦ ገመቹም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ካፖርቱ የእሳቸው መሆኑንና ያን ዕለት ብርድ ሲያንዘፈዝፈኝ ለእኔ ያዋሱኝ መሆኑን አስታወሱኝ።

ሰው ፊቱን በመስታወት ያውቃል፤ ጀርባውን ማን አሳይቶት ያውቃል? ትከሻው ደግመው ሲያዩት እንኳ ያን ያህል እንደማይከፋ ልናገር ብድግ አልኩ። ግን ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ትችቱ ተዘግቷል ተባልኩ። አፈርኩ። የልቤን ልነግራት ያሰብኩትን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ ሲፈን ፎቶውን አስተካክላ መጣች። ጉሙ አለ፣ ጀልባዎቹ አሉ፣ ውሃው አለ። ምክርህን ተቀብያለሁ፣ እንዴት ነው? ብላ በሰው ሁሉ ፊት እኔኑ ጠየቀችኝ። ብዙ አየሁት። ሕጋችን እውነት ተናገር ነው የሚለው፤ ተናገርኩ፦ ያለ ሰውዬው በጣም ያምራል።