ቆርቆሮው የየት አገር ነው?

የየት አገር ስሪት እንደሆነ ሳይጠይቅ ሚስማር እንኳ የማይገዛ ሰው አታውቁም? እኔ አንዱን እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ አግኝቻቸዋለሁ፤ ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ክረምቱ ደርሷል፣ አዲሱ ቤታቸው ጣራ የለውም፤ እሳቸው ግን ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ቆመው ቆርቆሮውን በጣታቸው ያንኳኳሉ። «የየት አገር ነው?» ጋሽ ሸምሱ ከቱርክ ጀምሮ የሚያውቁትን አገር ሁሉ ጠሩላቸው። ማን አምኖ!

እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ዝም ማለት መቼ አውቅበትና!

«ኦቦ ገመቹ፣ ብረት ሲፈጠር አገር የለውም» አልኳቸው። «ግዙፍ ኮከብ ሲያረጅ ያብጣል። ሆዱ ውስጥ ካርቦኑን፣ ኦክስጅኑን፣ በመጨረሻም ብረቱን ያበስልና ፈንድቶ ይበትነዋል። የዚህ ቆርቆሮ ብረት ከዚያ የመጣ ነው።»

እጃቸውን ከቆርቆሮው ላይ አነሱ። «ካረጀ ኮከብ? ያ ዋቃዮ! ያገለገለ ነዋ!»

ጋሽ ሸምሱ ገላመጡኝ። ነገሩን ላበርድ ብዬ፣ «በደምዎ ውስጥ ያለው ብረትም እኮ ከዚያው ነው» አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ቆርቆሮውን እንዳንኳኩት አድርገው የገዛ ደረታቸውን አንኳኩ።

«ይኼኛው ስልሳ ክረምት ችሏል» አሉ። «በሉ ጫኑልኝ።»