እንቢ እንዲሉልኝ የወሰድኋቸው ሽማግሌ

ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ ይላካል። የተጣላም በሽማግሌ ይታረቃል። ሥራ አልፈልግም ለማለት ሽማግሌ ይዞ የሄደ ሰው ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያውስ እኔን እዩኝ።

እኔ እዚሁ ፍኖተ ሰላም የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነኝ። አንድ ቀን ቡሬ የዱቄት ፋብሪካ ያላቸው ወይዘሮ የሺ ደወሉና መጋዘኔን ና ምራልኝ አሉኝ። ደስ አለኝ። ግን የእኛም አለቃ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ ወንበሩ ለአንተ ነው እያሉ ያሙኛል። ታዲያ ቡሬን እንቢ ልበል? ወንበሩ ቢቀርስ? እሺ ልበል? ወንበሩ ቢመጣስ? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ። እኔ ያሰብሁት አንዱን ወጥቼ ሌላውን በገመድ ለማሰር ነበር።

ለዚህ ደግሞ አፍ ያስፈልጋል። የእኔን አፍ ተዉት። አንድ ጎረቤቴ ልጁን ሲድር ቢጠራኝ፣ "ዛሬስ አልተመቸኝም፣ ለሚቀጥለው ሰርጓ እመጣለሁ" ያልሁ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ አያናግረኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ስለዚህ አጎቴን ጋሽ ደሳለኝን ለመንኋቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እንቢ ሳልል እንቢ እልልሃለሁ አሉኝና አብረን ቡሬ ሄድን።

ወይዘሮ የሺ ፊት ስንቀርብ ጋሽ ደሳለኝ ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ልጃችን ቤትዎን ጠልቶ አይደለም። የሚያርስ በሬ ከትልም መሀል አይፈታም። እሱ መንገዱን አይረሳም፣ እርስዎም ደጅዎን አይዝጉበት" አሉ። የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ ራሴ እንቢ ልል መምጣቴን ረስቼ ልቀጠር ምንም አልቀረኝም።

ስንወጣ ወይዘሮ የሺ ጋሽ ደሳለኝን አንዴ ይቆዩኝ አሏቸው። ውጭ ጠበቅኋቸው። ሲመጡ ፊታቸው በርቷል። ለካ ሴትዮዋ ሠራተኛ የሚቀጥርላቸው፣ አመለኛውንም የሚመክርላቸው ሰው ሲፈልጉ ኖረዋል። ተቀጠሩ። "ደጁን ከውስጥ ሆኜ እጠብቅልሃለሁ" አሉኝ። እኔም ዘመድ ከውስጥ ማግኘት ቀላል ነው እንዴ ብዬ ተደሰትሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ያ ወንበር ከደምበጫ ለመጣ ሰው ተሰጠ። ቤቴም ሳልገባ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ቡሬ።

ጋሽ ደሳለኝ ቢሯቸው ውስጥ ሻይ ጋብዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ተነሥተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ያን ጊዜ ልቤ ደነገጠ። "ልጄ፣ ቤታችን አንተን ጠልቶ አይደለም። በቦታህ የጠመድነው በሬ አለ፤ ከትልም መሀል አይፈታም። አንተ መንገዱን አትርሳ፣ እኛም ደጁን አንዘጋብህም" አሉኝ። አነጋገራቸው እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! እንባዬ መጣ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

በመልሱ መንገድ ማንኩሳ ከተማን ካለፍን በኋላ ነው ግራ የገባኝ። ቆይ፣ ምን ተባልሁ? ቤት ስገባ ባለቤቴ ተቀጠርህ ወይ ብትለኝ፣ በጣም ጥሩ ተናገሩ አልኋት። ተቀጠርህ ወይ ነው የምልህ አለች። እሱን እንጃ አልሁ።

አሁን እሳቸው ዘንድ ሽማግሌ መላክ አምሮኛል። ግን ከእሳቸው ሌላ ሽማግሌ አላውቅም።