የለተብርሃን ነጭ ጣቶች

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋደም ስል፣ ጆሮዬን ክንዴ ላይ አስደግፌ የምሰማው ድምፅ አለ። እናንተም ሞክሩት። መጀመሪያ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ አንድ ሰው በባዶ ጎዳና ላይ በለስላሳ ጫማ የሚራመድ ይመስላል። አይቸኩልም፣ አይቆምም። ከአስመራ ዳር፣ ከቤት ጊዮርጊስ ኮረብታ በኩል ጉሙ እየወጣ የሠፈሩን ጣሪያ አንድ በአንድ ሲውጥ፣ እኔም በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ ያንን መንገደኛ እከተለዋለሁ። ወዴት ነው የሚሄደው? ማን ላከው? ሳላዘው ዕድሜዬን ሙሉ ሲመላለስልኝ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር። በጸሎቴ ለልጆቼ፣ ለጎረቤት፣ ለዝናብ ለምኛለሁ። ለደም ሥሮቼ ግን ጭራሽ። ይቅር ይበለኝ።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። እስከ አራተኛ ክፍል በትግርኛ ተምሬያለሁ፤ አማርኛውን ያገኘሁት የትምህርት ቤቱ ቋንቋ በተለወጠ ጊዜ ከልጄ ደብተር ነው። እሷ ጮክ ብላ ታጠናለች፣ እኔ ምስር እየለቀምኩ እማራለሁ። ስለዚህ ስለ ደም የማወጋችሁን ከሐኪም መጽሐፍ እንዳገኘሁት አትቁጠሩት። የተማርኩት የልጄ ትዳር ሊፈርስ ሲል ነው።

ልጄ ለተብርሃን ከትንሽነቷ ጀምሮ ሲበርዳት ጣቶቿ ይነጣሉ። ነጣ ይላሉ ማለቴ አይደለም፤ ሻማ ነው የሚመስሉት። ከዚያ ይጠቁራሉ፣ ሲሞቃቸው ደግሞ ይቀላሉ፣ ያቃጥሏታልም። ደም አንሷት ነው ብዬ ጉበት አበላኋት፣ ቀይ ሥር አበላኋት። ጣቶቹ አልሰሙኝም። ጓንት ገዛሁላትና ነገሩን ረሳነው።

ዮሴፍ የሚባል የቢሮ ሠራተኛ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ፣ ዘር ተቆጠረ። በእኛ አገር ዘር ሲቆጠር የሚፈለገው ዝምድና ብቻ አይደለም። ሥጋን ቀስ በቀስ የሚቆርጠው፣ ስሙ የማይጠራው በሽታ በቤቱ አልፎ እንደሆነም በጎን ይጠየቃል። ተጠየቀልን፤ ንጹሕ ተባልን። የቀረው የዮሴፍ እናት ወይዘሮ ኣብረኸት መጥታ ምሳ መብላት ብቻ ነበር። እንደ እኔ ባሏ የሞተባት፣ ልጇን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት።

ቀኑ የጥር እሑድ ነው። ብርዱን አስመራ የኖረ ያውቀዋል። ምድጃውን ሁሉ ድስት ይዞት ስለነበር ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ውሃ አላሞቅሁም፤ ስህተቱ የኔ ነው። ለተብርሃን ከግቢው ቧንቧ ቀድታ መጣች። ጎንበስ ብላ ለእንግዳዋ ስታፈስላት፣ ጓንት አድርጎ እንግዳ ማስታጠብ ነውር ነውና፣ ሁለት ጣቶቿ ዓይናችን እያየ ነጡ። ወይዘሮ ኣብረኸት አየች። እጇን ሳሙናው እንኳ ሳይለቅላት ወደ ነጠላዋ ውስጥ መለሰች። ሦስት ጉርሻ በልታ አመስግና ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው መጥቶ፣ «ለጊዜው ይቆይ ብላለች» አለኝ። በዚህ ዓይነት ነገር ይቆይ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለተብርሃን አላለቀሰችም። ጓንቷን አድርጋ ተኛች።

ጎረቤታችን አቶ ዘርኣይ ድሬሰር ናቸው። ቁስል ያሥራሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ከዚያ የተረፈውንም ሁሉ ያውቃሉ። ልጄን ይዤ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ኣደ ለተብርሃን፣ ስሚኝ» አሉ፣ እንደ አገራችን ልማድ በልጄ እናትነት ጠርተውኝ፣ ጣቷን እያገላበጡ። «ልብ ትገፋለች እንጂ አታድልም። የሚያድሉት ትንንሾቹ ሥሮች ናቸው። በያንዳንዳቸው ዙሪያ ቀጭን ጡንቻ አለ፣ ልክ እንደ መቀነት። ሲጠብቅ ደሙ ያንሳል፣ ሲላላ ይበዛል። ከምሳ በኋላ ደሙ ሆድ ዘንድ ግብዣ ይሄዳል። ስታፍሪ ፊትሽ ላይ ይወጣል። ሲበርድሽ ደግሞ ልብና ጉበት እንዳይቀዘቅዙ ከጣት ተሰብስቦ ወደ ውስጥ ይገባል።»

«ታዲያ ጣት ምን አጠፋች?»

«ምንም። ሩቅ ናት። ውሃ ሲያጥር ቧንቧው አስቀድሞ የሚደርቀው እኛ ዘንድ ዓኽርያ አይደል? መሃል ከተማ ሲደርቅ አይተሻል?»

ይህን ብለው መስኮቱን ዘወር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጆሮ ጠቢ በበዛበት በዚያ ዘመን ስለ ውሃም ቢሆን ከዚህ በላይ አይወራም።

«የልጅሽ መቀነቶች ድንጉጦች ናቸው፤ ትንሽ ብርድ ሲያዩ አጥብቀው ይታሠራሉ። ያ የምትፈሪው በሽታ ነጥቶ ተመልሶ አይቀላም፤ ደግሞም ያደነዝዛል እንጂ እንዲህ አያቃጥልም። ሙቅ ውሃና ጓንት። ሌላ መድኃኒት የለኝም።»

በማግስቱ ልጄን ይዤ ወደ እነ ዮሴፍ ሠፈር፣ ወደ ሓዝሓዝ በእግር ሄድኩ። መንገድ ላይ ልብ፣ መቀነት፣ ግብዣ እያልኩ እንደ ዳዊት ደገምኩት። ወይዘሮ ኣብረኸት በረንዳዋ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፤ እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነው።

«በሽታ አለመሆኑን ላሳይሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን አስመጪልኝ። ሲነጣም ሲመለስም በዓይንሽ እዪው።»

ዮሴፍ ሳህኑንና የውሃውን ማሰሮ ራሱ አመጣ። ልጄ እጇን ነከረች። ጠበቅን። ፀሐይዋ በግድግዳው ላይ ስትሳብ አየኋት። የለተብርሃን ጣቶች መንገዱ አሙቋቸው ኖሮ እንደ ትኩስ ዳቦ ቡናማ ሆነው ውሃው ውስጥ ተቀመጡ።

«ምኑን ነው የምታሳዩኝ?» አለች ወይዘሮ ኣብረኸት።

«ይነጣል እኮ! በማርያም፣ ሌላ ጊዜ ይነጣል!» አልኩ። ለሃያ ዓመት ስደብቀው የኖርኩትን ነገር አሁን እንዲወጣልኝ የምለምነው እኔው ነኝ። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ዮሴፍን አታየውም።

ወይዘሮ ኣብረኸት እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣችና ከልጄ እጅ አጠገብ ውሃው ውስጥ ከተተችው። ብዙም አልቆየን። ሦስት ጣቶቿ ከጫፋቸው ጀምሮ ነጡ።

«ይህን ነው የፈለግሽው?» አለችኝ።

«እወ፣ እሱን ነው» አልኩ።

«ልጅሽን ሳያት ራሴን አየሁ። ከእኔም ከእሷም ከመጣ የልጅ ልጆቼ ምን ይሆናሉ ብዬ ፈራሁ። የዚህ ልጅ አባት እስኪሞት አላወቀም። በብርድ እጁን ስለማልይዘው ኩሩ ናት ይል ነበር።»

ዮሴፍ ማሰሮውን እንደያዘ ቆሟል፤ የገዛ እናቱን ገና ዛሬ ያያት ይመስላል።

ያጠናሁትን ነገርኳት። መቀነቱ ጋ ስደርስ፣ «ይሄ ሁሉ ዓመት ድንጋጤ ብቻ ነው?» አለች። ድንጋጤ ብቻ ነው አልኳት። ለተብርሃን የእሷን እጅ ከውሃው አውጥታ ብብቷ ውስጥ አደረገችው፤ አማትና ምራት ይሁኑ አይሁኑ ገና አልተወሰነም። ነጩ ጠቆረ፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ ንጋት በግድግዳ ላይ እንደሚመጣ፣ ቀላ። ወይዘሮ ኣብረኸት አቃጥሏት ዓይኗን ጨፈነች።

«ከፋሲካ በኋላ ይሁን» አለች እንደጨፈነች። «ብርዱ ሲያልፍ።»

ሆነ። ዛሬ አማትና ምራት ሓዝሓዝ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ፀሐይ ይሞቃሉ። በአቶ ዘርኣይ ትእዛዝ ሁለቱም ቀዝቃዛ ውሃ አይነኩም። በዚያ ቤት የሚኖረው ሦስት ሰው ነው፤ ልብስ የሚያጥበው ማን እንደሆነ እናንተው አስቡት። የቢሮ ጓደኞቹ እንዳይሰሙ፣ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።

ቃሌን ጠብቄያለሁ። ጻፍኩት እንጂ አልተናገርኩም።